ኢንዳክሽን ከመግዛታችሁ በፊት ድስታችሁን እዩ

ሰላም እንዴት ሰነበታችሁ። እዚህ አዳማ ሙቀቱ መጥቷል፣ ከሰል አቀጣጥሎ ጓዳ ውስጥ መቆም የሚከብድበት ሰአት ላይ ነን፣ ለዛ ይመስለኛል በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ ኢንዳክሽን ምድጃ የሆኑት። አንዳንዱ ሊገዛ አስቦ ነው የሚጠይቀኝ፣ አንዳንዱ ደሞ ገዝቶ ተቸግሮ። አራቱን እመልሳለሁ፣ የመጀመሪያው ላይ ቆየት እላለሁ ምክንያቱም ሌሎቻችሁም ዞራችሁ የምትመጡት እዛው ላይ ነው።

ጥያቄ፦ እህቴ ጤና ይስጥልኝ። አዳማ ተከራይተን ነው የምንኖረው፣ ግቢው ውስጥ አራት ተከራይ አለ፣ ቆጣሪው ግን አንድ ነው። እስካሁን በከሰልና በአንድ ባለ ሽቦ ስቶቭ ነው የማበስለው። ባለቤቴ ኢንዳክሽን እንግዛ፣ መብራት አይበላም ይላል፣ አከራያችን እማማ ደሞ ገና ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። እውነት መብራት አይበላም? ዶሮ ወጥስ ይሰራል? ያሉኝ ድስቶች ሳገባ እናቴ የሰጠችኝ ብረት ድስቶች ናቸው። (የሁለት ልጆች እናት)

መልስ፦ እህቴ ከመጨረሻው ልጀምርልሽ፣ ከድስቶቹ። ብረት ድስት እያልን የምንጠራው ስሙ ነው እንጂ አብዛኛው አልሙኒየም ነው፣ አልሙኒየም ደሞ ኢንዳክሽን ላይ አይሞቅም። ለምን መሰለሽ፣ ኢንዳክሽን ራሱ እሳት የለውም፣ እንደ ስቶቭሽ የሚግል ሽቦም የለውም። ከመስታወቱ ስር የተጠቀለለ የመዳብ ሽቦ አለ፣ በሶኬታችን የሚመጣው መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ሲሆን ምድጃው እሱን ከ20 ሺህ ጊዜ በላይ እንዲመላለስ አድርጎ በዛ መዳብ ውስጥ ይሰደዋል። ከዛ የማግኔት ጉልበት ይፈጠራል፣ ያ ጉልበት ከላይ ማግኔት የሚስበው ብረት ሲያገኝ ብረቱ ውስጥ ኤሌክትሪክ ያሽከረክራል፣ ድስቱ በዛ ይግላል። እሳቱ ድስቱ ራሱ ነው ማለት ነው። ስለዚ ምድጃውን ብቻ ገዝተሽ ድስቱ ካልሆነ የገዛሽው ግማሹን ነው።

ፈተናው ቀላል ነው። ፍሪጅ ላይ ከሚለጠፉት ጌጦች አንዱን ወይ ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት ያዢና የድስቱ ቂጥ ላይ አስጠጊው፣ ጎኑ ላይ ሳይሆን ቂጡ ላይ። ጥብቅ ብሎ ከያዘ ይሰራል፣ እየተንሸራተተ ለቀቅ ለቀቅ ካለ ይሞቃል ግን ደካማ ነው፣ ጭራሽ ካልያዘ እርሺው። ኢናሜል የተቀባ የቆርቆሮ ድስት አብዛኛውን ጊዜ ይሰራል፣ ከባዱ የብረት መጥበሻም ይሰራል። እስቴንለስ ግን ያታልላል፣ አንዱ ይይዛል ሌላው አይይዝም፣ ለዛ ነው በአይን አይቶ መግዛት የማይቻለው። ቂጡ ዝርግ ይሁን፣ ስፋቱም ከ12 ሳንቲሜትር አይነስ፣ ከዛ ያነሰውን ብዙ ምድጃ ድስት መኖሩንም አያውቅለትም። ፕሬዠር ካለሽም እሱንም ፈትሺው፣ አልሙኒየም የሆነው ብዙ ነው።

እኔ የመጀመሪያውን ስገዛ ይሄን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ሻጩ ማንኛውም ድስት ይሰራል አለኝና ደስ ብሎኝ ተሸክሜ ገባሁ፣ ቤት ስሞክረው ካሉኝ ድስቶች የሰራልኝ አንዱ ኢናሜሉ ብቻ ነበር። ስመለስ የተሸጠ አይመለስም ተባልኩ። ለድስት ያወጣሁት ለምድጃው ካወጣሁት በለጠ፣ እስካሁን ይቆጨኛል። አንቺ እንደዛ እንዳትሆኚ ማግኔቱን ቦርሳሽ ውስጥ ይዘሽ ሂጂ፣ ከቻልሽ አንድ ድስትም ያዢ፣ እዛው ሱቅ ውስጥ ሰክተው ውሃ ያፍሉልሽ። አይሆንም ካሉ ሌላ ሱቅ አለ።

ሱቅ ስትገቢ ደሞ ሌላ የሚያምታታ ነገር አለ። ሁለቱም ጥቁር መስታወት ያላቸው፣ ሁለቱም በጣት ነካ ተደርገው የሚሰሩ፣ ቢያዩዋቸው መንታ የሚመስሉ ምድጃዎች አሉ፣ አንዱ ኢንዳክሽን ነው ሌላው ኢንፍራሬድ፣ እና ሁለቱንም ኢንዳክሽን ብሎ የሚሸጥ ሰው አይጠፋም። ሲከፈት ከመስታወቱ ስር ቀይ ሆኖ የሚበራው ኢንፍራሬድ ነው፣ እሱ ውስጡ የሚግል ነገር ስላለው አልሙኒየሙንም ያሞቃል፣ ግን መስታወቱ ከጠፋ በኋላም ለብዙ ደቂቃ እንደጋለ ይቆያል። ድስት ሳታስቀምጪ ስትከፍችው የሚጮህና እምቢ የሚለው ነው ኢንዳክሽን። ድስት መቀየር አሁን የማይቻል ከሆነ ኢንፍራሬዱን ብትወስጂ አልቃወምሽም፣ ግን ሁለት ልጅ እግርሽ ስር የሚሯሯጥበት ቤት ስለሆነ እኔ ብሆን ቀስ እያልኩ ድስት ልለውጥ እንጂ ኢንዳክሽኑን ነው የምመርጠው። መስታወቱ የሚሞቀው ከድስቱ ተመልሶ በሚመጣው ሙቀት ነው፣ ስለዚ ወጥ ሲፈላበት ከቆየ እሱም ያቃጥላል፣ ልጆቹን አይሞቅም ብለሽ አታስለምጂያቸው፣ ግን እንደ ስቶቭሽ ቀይ ሽቦ ሆኖ አይጠብቃቸውም።

አሁን ወደ መብራቱ። አይበላም የሚለው ልክ አይደለም፣ ባለቤትሽን በፍቅር አርሚው። 2000 ዋት ላይ አንድ ሰአት ሙሉ ከሰራ 2 ኪሎዋት ሰአት ይቆጥራል፣ ከስቶቭ ጋር እኩል ነው። ልዩነቱ ስራውን ቶሎ መጨረሱ ነው። ከሚወስደው መብራት ከ100 እጅ 85 ገደማውን ድስቱ ውስጥ ያስገባዋል፣ ባለ ሽቦ ስቶቭ ወደ 75 ገደማ ነው፣ ጋዝ ወደ 40 ገደማ ነው፣ የቀረው ጓዳውን ነው የሚያሞቀው። 3 ሊትር ውሃ ብትጥጂ በ2000 ዋት 8 ወይ 9 ደቂቃ ውስጥ ይፈላል፣ የሚቆጥረው ከ0.3 ኪሎዋት ሰአት ያነሰ ነው (አዳማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃችን 100 ሳይደርስ 94 እና 95 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው የሚፈላው፣ ያም ትንሽ ይረዳል)። እና ከጋዝ ለሚመጣ ሰው ለውጡ ትልቅ ነው፣ ከስቶቭ ለምትመጪው ለአንቺ ግን ካርዱ ላይ ብዙ ልዩነት አታዪም። አንቺ የምታተርፊው ከሰሉን፣ ጭሱን እና የጓዳውን ሙቀት ነው፣ በሚያዝያ አዳማ ውስጥ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

አከራያችሁን ደሞ አትቀየሚያቸው፣ ስጋታቸው እውነት አለው። የመብራት ታሪፉ በእርከን ስለሆነ አጠቃቀም በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰአት ዋጋ ከፍ ይላል፣ አራት ቤት በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ደሞ ቶሎ ላይኛው እርከን ላይ ይወጣል። ግን እውነቱን ለመናገር ቆጣሪውን የሚያስሮጠው የእንጀራ ምጣዱ ነው፣ እሱ 3500 ዋትና ከዛ በላይ ነው የሚስበው። ቁጭ ብላችሁ ቡና ላይ ተነጋገሩ፣ ኤሌክትሪሺያን አምጥታችሁ ወደ እናንተ ቤት የሚገባው መስመር ላይ የራሳችሁን ትንሽ ቆጣሪ ብታስገቡ የበላችሁትን ብቻ ትከፍላላችሁ፣ እማማም እፎይ ይላሉ።

ኤሌክትሪሺያኑ ሲመጣ ሶኬቱንም ይይላችሁ። 2000 ዋት በ220 ቮልት ሲካፈል 9 አምፒር ነው፣ ይሄ ለሰአታት የሚቆይ ጭነት ነው፣ ለስልክ ቻርጅ የገዛነው ስስ ዲቫይደር አይችለውም፣ ቀስ እያለ ይቀልጣል። በቀጥታ ግድግዳው ላይ፣ ሽቦው 2.5 ስኩዌር ሚሊሜትር የሆነ ሶኬት ላይ ይሰካ። ምጣድ የተጣደ ቀን ኢንዳክሽኑ ይረፍ፣ ምጣዱ 16 አምፒር ከሆነ ሁለቱ አብረው 25 ይደርሳሉ፣ የኪራይ ቤት መስመር ይሄን እንዲችል ታስቦ አይደለም የተዘረጋው።

ዶሮ ወጡ ጋ ደረስን። ይሰራል፣ ግን ቁሌቱ እስክትለምጂው ያስቸግርሻል። ምክንያቱ ምን መሰለሽ፣ ከስር ያለው ጥቅልል ከድስትሽ ቂጥ ይጠባል፣ ስለዚ ስስ ድስት ላይ ሙቀቱ መሀል ላይ እንደ ቀለበት ክብ ሆኖ ይወጣል፣ ዳሩ ላይ ያለው ሽንኩርት ገና ነጭ ሆኖ ሳለ መሀሉ ያርራል። ሁለተኛው፣ ረከስ ያሉት ምድጃዎች ዝቅተኛ ቁጥር ላይ ስታደርጊያቸው በእውነት ዝቅ አይሉም፣ በሀይል ይሰሩና ያቆማሉ፣ ይሰሩና ያቆማሉ፣ ሽንኩርቱ ሲንጫጫ ዝም ሲል ትሰሚዋለሽ። ያለ ዘይት ሽንኩርት የምናቁላላ ሰዎች ደሞ ይሄ በጣም ነው የሚጎዳን። መድሀኒቱ ቂጡ ወፍራም የሆነ ድስት ነው፣ ለአንድ ድስት ብቻ ገንዘብ ካለሽ እሱን ግዢ። እኔ ሽንኩርቱ ውሃውን እስኪያወጣ 1000 ወይ 1200 ላይ አደርገዋለሁ፣ ከዛ ወደ 600 አወርደዋለሁ፣ ክዳኑን ገርበብ አድርጌ ቶሎ ቶሎ አማስላለሁ። በርበሬ ከመጨመርሽ በፊት ድስቱን ከምድጃው አንሺው፣ ከተነሳ ከስር የሚመጣ ሙቀት የለም፣ በርበሬውን አዋህደሽ ትንሽ ውሃ ጠብ አድርገሽ መልሺው። ከሰል ግን ድስቱ ቢነሳም መንደዱን አያቆምም፣ ይሄን ከለመድሽው በኋላ ትወጅዋለሽ። ቅቤ ስታነጥሪም እንደዛው ነው፣ ሊገነፍል ሲል ነካ ታደርጊዋለሽ፣ አረፋው እዛው ይወርዳል።

ሰአቱንም ልብ በይ፣ ብዙዎቹ ምድጃዎች ለ2 ሰአት ማንም ካልነካቸው ራሳቸውን ያጠፋሉ፣ ወጥ ጥደሽ ጎረቤት ሄደሽ ስትመለሺ ቀዝቅዞ እንዳታገኚው።

ለፋሲካና ለገና የሚጣደውን ትልቁን ድስት ግን መስታወት ላይ አታውጪ። ክብደቱን አይችልም፣ ስፋቱንም አያዳርስም። የሸክላ ሽሮም አይሆንም፣ ሸክላ ማግኔት አይስበውም። ለሁለቱ ከሰልሽን አትጣዪ።

ጥያቄ፦ እናቴ የልብ ምት የሚያስተካክል ማሽን፣ ፔስሜከር፣ ደረቷ ላይ ተተክሎላታል። እህቴ ከውጭ ኢንዳክሽን ላከችልን። ጎረቤት ጨረር አለው ብለው ስላስፈራሩን ካርቶኑን እንኳን አልከፈትንም። (ልጇ)

መልስ፦ ወንድሜ መጠየቅህ ጥሩ ነው፣ እዚህ ላይ ጥንቃቄው እውነተኛ ነው። ጎረቤቶችህ እንደ ራጅ አይነት ጨረር አስበው ከሆነ እንደዛ አይደለም፣ ሰውነት ዘልቆ የሚጎዳ ጨረር አይወጣውም፣ ምግቡንም አይለውጠውም። የሚወጣው የማግኔት ጉልበት ነው፣ እሱም ከምድጃው ራቅ ባልክ ቁጥር ቶሎ ይደክማል። ለፔስሜከር ግን ማግኔት ጉዳይ ነው፣ የሚመከረው ምድጃው ከተከፈተ ማሽኑ ከተተከለበት ቦታ እስከ ምድጃው ቢያንስ 60 ሳንቲሜትር እንዲሆን ነው። ይሄን በተግባር አስበው፣ እናትህ ቆማ ወጥ ብታማስል ደረቷ ከዛ ይቀርባል፣ ጎንበስ ብላ ብትቀምስማ ጭራሽ። ስለዚ እሷ የምታበስልበት ምድጃ አይሁን፣ እናንተ አብስሉበት፣ እሷ ራቅ ብላ ትቀመጥ። ድስቱ መሀል ላይ ይሁን፣ ምድጃውን የሚሸፍን ሰፊ ድስት ተጠቀሙ። ከዛ በፊት ግን ለክትትል ስትሄዱ ሀኪሟን ጠይቁ፣ የማሽኑን አይነት የሚያውቀው እሱ ነው፣ እሱ እስኪመልስላችሁ ካርቶኑ ባለበት ይቆይ።

ጥያቄ፦ ብቻዬን ነው የምኖረው፣ ከስራ ስመለስ ፓስታና እንቁላል ለመስራት ብዬ ኢንዳክሽን ገዛሁ። ስድስት ወር በደንብ ሰራ፣ አሁን 10 ደቂቃ ሰርቶ ይጮህና ቁጥር አሳይቶ ይጠፋል። ማታ ማታ ደሞ ጭራሽ አይነሳም። ተበላሽቶ ነው? ደሞ ከተማችን ዳር ያን ሁሉ የንፋስ ማማ ተክለው ቆቃም አጠገባችን ሆኖ መብራት የሚዋዥቀው ለምንድነው? (ወንደላጤ ከአዳማ)

መልስ፦ ከሁለተኛው ልጀምር ወንድሜ፣ እኔም የሚያናድደኝ ነገር ስለሆነ። የአዳማ ንፋስ አንደኛው 51፣ ሁለተኛው 153 ሜጋዋት ነው፣ ግን ያ ሀይል በቀጥታ ወደ ቤታችን አይገባም፣ ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ ወደ ሀገር አቀፉ መስመር ነው የሚሄደው። ወደ አንተ ቤት የሚመጣው በሰፈራችሁ ትራንስፎርመር በኩል ነው፣ ማታ ሁሉም ሰው ምድጃና ምጣድ ሲሰካ ትራንስፎርመሩ ይጨናነቃል፣ ቮልቱ ይወርዳል። ባለ ሽቦ ስቶቭ ቮልት ሲወርድ ደክሞም ቢሆን ይሰራል፣ 220 የነበረው 180 ሲሆን ጉልበቱ አንድ ሶስተኛ ያህል ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ኢንዳክሽን ግን ውስጡ ኤሌክትሮኒክስ ስለሆነ ቮልቱ ካነሰው ራሱን ለመጠበቅ እምቢ ይላል። ማታ አልነሳም ያለህ ለዛ ሊሆን ይችላል፣ ረፋድ ላይ ሞክረው፣ ከተነሳ ጥፋቱ የምድጃው አይደለም።

10 ደቂቃ ሰርቶ መጥፋቱ ግን የሙቀት ምልክት ይመስለኛል። ከስሩ ወይ ከኋላው ፋን አለ፣ አገላብጠህ እየው። የአዳማን አቧራና ንፋስ ታውቀዋለህ፣ ከወጥ ቅባት ጋር ሲገናኝ የፋኑን ወንፊት እንደ ጭቃ ይደፍነዋል። ነቅለህ፣ ከቀዘቀዘ በኋላ በደረቅ ብሩሽ ጥረገው። ግድግዳ ላይ አታስጠጋው፣ ከስሩ ጋዜጣ ወይ ፕላስቲክ አታንጥፍ፣ አየር የሚስበው ከዛ ነው። ሌላው ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ነገር፣ ጨርሶ ሲያጠፋው ወዲያው ከሶኬት መንቀል ነው። አጥፋውና ፋኑ እስኪቆም ጠብቀው፣ ውስጡን እያቀዘቀዘ ነው፣ ከዛ ንቀለው። መንቀሉን ግን አትርሳ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ አንዳንዴ ቮልቱ ከፍ ብሎ ይመጣል፣ ብዙ ምድጃ የሚቃጠለው የዛን ጊዜ ነው።

የሚያሳየው ቁጥር ትርጉሙ እንደ ምርቱ ይለያያል፣ አብሮት የመጣው ወረቀት ላይ ፈልገው። አጽድተኸውም ከቀጠለ ለሰሪ አሳየው፣ እና ሰሪው ሲከፍተው አብረህ ቁም። ውስጡ በረሮ ሞቶ ሰሌዳውን አገናኝቶት ሊሆን ይችላል፣ ሙቀት ስለሚወዱ ይገባሉ፣ ነገሩ የተለመደ ነው። ከዛ በኋላ ሳትጠቀምበት ከወለል ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጠው። መስታወቱ ላይ ስንጥቅ ካየህ ግን ፋኑንም ቁጥሩንም ተወውና ንቀለው፣ የተሰነጠቀ መስታወት ላይ ውሃ ከገባ ኤሌክትሪክ ይይዝሀል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ልጆቼ ኢንዳክሽን ገዝተውልኝ ከሰሉን ሊያስጥሉኝ ነው። ቡናዬንስ እንዴት ላድርግ? አንዱ ጎረቤት ክብ ብረት ከስር አድርጊና ጀበናውን ከላይ ጣጂው አለችኝ። (የአዳማ እናት)

መልስ፦ እናቴ፣ ጎረቤትዎ ያሉትን ብረት አውቀዋለሁ፣ ይሸጣል። ብረቱ ይግላል፣ እውነት ነው፣ ግን ጀበናው ቂጡ ክብ ስለሆነ የሚነካው ትንሽ ቦታ ላይ ብቻ ነው፣ ብረቱ ከልክ በላይ ይግልና ምድጃው ራሱን ያጠፋል፣ ወይ መስታወቱ ይጎዳል፣ ሸክላውም ከስር ብቻ በሀይል ሲመታው ሊሰነጠቅ ይችላል። ያን ጀበና ስንት አመት አሟሽተውት ይሆናል፣ አያስጨክንም።

መቁላቱን ግን ኢንዳክሽኑ ላይ ያድርጉት። የብረት መቁያዎ ማግኔት ከያዘ ይሰራል፣ መጀመሪያ 800 ገደማ ላይ ያድርጉትና እየቆሉ ከፍ ያድርጉ፣ ባዶውን ትልቁ ቁጥር ላይ አይተዉት፣ ስስ ብረት ባዶውን ቶሎ ይግልና ይጣመማል። ለጀበናው ደሞ ውሃውን ኢንዳክሽኑ ላይ በሚሰራ ማንቆርቆሪያ ያፍሉት፣ ጀበናው እንዳይደነግጥ ቀድመው በለብታ ውሃ ያሙቁት፣ የፈላውን ገልብጠው ቡናውን ጨምረው ከሰል ላይ ያስቀምጡት። ቀዝቃዛ ውሃ ከማፍላት የሚያስፈልገው ፍም በጣም ያነሰ ነው፣ አንድ እፍኝ ከሰል ለአቦልም ለቶናም ይበቃል። ከሰሉን ደጅ አቀጣጥለው ጭሱ ሲያልቅ ያስገቡት፣ ከገባም በኋላ ፍሙ ሽታ ባይኖረውም አየር ይመርዛል፣ መስኮቱን ከፍተው ይቀመጡ።